«እስማማለሁ»ን አንብበው የሚጫኑት ጋሽ ታፈሰ

የጋሽ ታፈሰን ሞት የሰማነው በቴሌግራም ነው። የኮሌጃችን መምህራን ግሩፕ ውስጥ ረዘም ያለ መልእክት ገባ። የመጀመሪያውን መስመር እንዳየን ሁላችንም «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያልን መጻፍ ጀመርን። የሚያለቅስ ፊት የላከ አለ፣ ሻማ የላከ አለ። አንዱማ ከልማዱ የተነሳ አውራ ጣት ልኮ ወዲያው አጠፋው። በማግስቱ ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን አሰላ ማርያም ተገኘን።

ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ብሏል። ደጁ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብንጠይቅ «ዛሬ እዚህ ቀብር የለም» አሉን። ያን ጊዜ ነው አንዷ ባልደረባችን ስልኳን አውጥታ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያነበበችው። የመጨረሻው መስመር «ሥርዓተ ቀብሩ በኑዛዜያቸው መሠረት በትውልድ ቦታቸው በሁሩታ ይፈጸማል» ይላል።

ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወደ ሁሩታ ስንከንፍ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ሁላችንም ዲግሪ አለን፤ ሁላችንም ተማሪዎችን «ጥያቄውን በደንብ አንብቡ» እያልን እንቆጣለን። መሃል መንገድ ላይ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ደግሞ በሳቁ መሃል ለቅሶዬ መጣ። ጋሽ ታፈሰ ይህን ቢያዩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «አላነበባችሁትማ!» ይሉን ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያሉን ይህንኑ ነው።

እኔ አሰላ የመጣሁት ስታትስቲክስ እንዳስተምር ከደሴ ተመድቤ ነው። ቢሮ የሰጡኝ ከጋሽ ታፈሰ ጋር ነበር። እሳቸው ሒሳብ ያስተምራሉ፤ የኮምፒውተር ላቡም ኃላፊ ናቸው። ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ነው ክፍል የሚገቡት፤ የአሰላን ብርድ ያየ ደግሞ አይፈርድባቸውም። ኮምፒውተር ላይ ሲያነቡ ገጹን ወደ ታች የምታወርደዋን ቁልፍ ከመንካታቸው በፊት ጣታቸውን በምላሳቸው ያርሳሉ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ወረቀት እኮ አይደለም» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የሚገለጥ ነገር ሁሉ ወረቀት ነው» አሉኝና ቀጠሉ።

ተማሪዎቹ «አንቀጽ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸዋል። ያውቃሉ፤ አይከፋቸውም። አንዱ አምልጦት ፊት ለፊታቸው «መምህር አንቀጽ» ቢላቸው «ስንተኛው?» ብለው ጠየቁት።

ያን ጊዜ በኮምፒውተሮቻችን ላይ የነበረው ሶፍትዌር ሁሉ ክራክ ነበር። ክራክ ማለት ባለቤቱ የቆለፈውን ሰብሮ በነጻ መገልገል ማለት ነው፤ እኛ ግን እንዲያ ብለን አስበነው አናውቅም። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የሚቀዳ ነገር ነው፤ አለቀ። በር የሚሰብረውን ሌባ እንለዋለን፣ ሶፍትዌር የሚሰብረውን ደግሞ «ጎበዝ ልጅ»።

በዚህ መሃል ኮሌጁን የጎበኙ አንድ የውጭ ፕሮፌሰር ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ትክክለኛውን የሒሳብ ሶፍትዌር በእርዳታ አስገኙልን። ዲኑ ደስ አላቸውና ምረቃ ተዘጋጀ። ሪባን ተቆረጠ። ከወረዳም ከዞንም እንግዶች መጡ፣ በላቡ ደንብ መሠረት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ቆሙ። ዲኑ ማውሱን ይዘው ሶፍትዌሩን ሊያስጀምሩ ሲሉ ስክሪኑ ላይ ያቺ የምናውቃት ሳጥን ብቅ አለች። ውስጧ ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ፣ ከሥር «እስማማለሁ» የምትል ቁልፍ። ዲኑ ሊጫኑ ሲሉ ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን ያዟቸው።

«ክቡር ዲን፣ አንብበውታል?»

«ምኑን?»

«የሚስማሙበትን ነዋ።»

ዲኑ ሳቁ፤ እንግዶቹም አብረው ሳቁ። ጋሽ ታፈሰ አልሳቁም።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ይሄንን እኮ ማንም አያነበውም።»

«የጻፈው ሰው አንብቦታል። ሁለት ሰው ሲዋዋል አንዱ ብቻ ካነበበ ውል አይባልም።»

እንግዶቹ ለስላሳቸውን ጠጥተው፣ ቆሏቸውን ቆርጥመው ተሸኙ። የተመረቀው ላብ ተቆለፈ። ጋሽ ታፈሰ የላይሰንሱን ውል አትመው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና «ሌላው ዳዊት ይደግማል፣ እሳቸው ላይሰንስ ይደግማሉ» እያልን አላገጥን። ውሉን ጨርሰው ሲመለሱ ፋሲካ አልፎ ነበር። የላቡ በር ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ለጠፉ። ለማስተማር ብቻ፤ ለኮሌጁ ተማሪዎችና መምህራን ብቻ፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ብቻ፤ ለንግድ አይውልም፤ አይቀዳም፤ አይዋስም። ለላቡ ኃላፊ ደግሞ አንድ ቅጂ በስማቸው ተፈቅዶላቸዋል፤ እሱም ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ከዚያ እኔንና ሌሎች መምህራንን ጠርተው «እማኞች ናችሁ» አሉንና ጣታቸውን አርሰው «እስማማለሁ»ን ተጫኑ። ሁላችንም ስንስቅ ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያቺ ቁልፍ ለእሳቸው መሃላ ነበረች።

እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ አንገታቸውን ማነቅ ያምረኝ ነበር። የዱቄት ፋብሪካ ያላቸው አንድ ባለሀብት ስንዴ ከየት ከየት ቢያስጭኑ ወጪያቸው እንደሚቀንስ በዚያ ሶፍትዌር እንድናሰላላቸው ለመኑን። ልመናውን ያጀበው ሙክት ግቢ ውስጥ ታስሮ ለሁለት ቀን ሣር ጋጠ። ጋሽ ታፈሰ «ለንግድ አይውልም» ብለው ሙክቱን መልሰው ላኩት። ለፋሲካ ካልደረሰልን ለዳግማይ ትንሣኤ ይሆናል ብለን ነበር። እስካሁን ያን በግ ሳስታውስ ይቆጨኛል።

ይህ ሁሉ ግን ቀልድ ነበር። ነገሩ ከቀልድ ያለፈው የገዛ ልጃቸው ስትመጣ ነው።

ሰላም የጋሽ ታፈሰ አንድ ልጅ ናት። በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ጥናቷ የስንዴ ዋግ በሽታ ከማሳ ወደ ማሳ እንዴት እንደሚዛመት በሒሳብ መተንበይ ነበር፤ ለዚያም ከኢተያ እስከ በቆጂ ማሳ ለማሳ ስትዞር ከርማለች። ስሌቱን የሠራችው ግን በላፕቶፗ ላይ ባለው ክራክ ነው። መመረቂያ ጽሑፏን ልታስገባ ስትል አማካሪዋ «የተጠቀምሽበትን ሶፍትዌርና ላይሰንሱን ጥቀሺ፣ ያለዚያ አልፈርምም» አሏት። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ካላቀረበች የምርምር ማዕከሉ ያቆየላት ሥራ ለሌላ ይሰጣል። የአባቷ ላብ ውስጥ ሕጋዊው ሶፍትዌር አለ። ምን ያስጨንቃታል? መጣች።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «የኮሌጁ ተማሪ አይደለሽም።»

«በአንተ ላፕቶፕ ላይ ልሥራዋ፣ አባዬ።»

«እሱ በስሜ ነው።»

«እኔስ በማን ስም ነው የምጠራው?»

ጋሽ ታፈሰ ግን «አይሆንም»ን አልለወጡም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ለቀናት አኮረፏቸው። እኛ ቢሮ ድረስ መጥተው «ለአንድ ሳምንት መዝግባችሁ ተማሪ አድርጓት» ብለው ዲኑን ቢለምኑ፣ ዲኑ ደስ ብሏቸው እሺ አሉ። ጋሽ ታፈሰ «በሐሰት መመዝገብማ ውሸትን በውሸት ማባዛት ነው» ብለው ያንንም ዘጉት። ከዘመዶቻቸው አንዱ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብሎ ሲያሞግሳቸው ሰማሁ። ያን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ የወለዱትን ፊት ለፊት እያየሁ ስሰማው ግን ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። ጨርሶ አልወደድኩትም።

በመጨረሻ ወይዘሮ አልማዝ በገዛ ባላቸው ላይ ሽማግሌ ላኩ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ኃይሌና የልጅነት ጓደኛቸው ኦቦ ቱፋ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላቡ ድረስ መጡ። ኦቦ ቱፋ ገብስ አምራች ናቸው፤ በአካባቢው የከረረ ጠብ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። በደንቡ መሠረት ጫማቸውን አውልቀው፣ በኮምፒውተሮቹ መሃል ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ መምሬ።

«አባቴ፣ እኔን የቸገረኝ ነገሩ የኔ አለመሆኑ ነው።»

«ኤዬ፣ የማነው ታዲያ?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«የኩባንያው ነው። እኛ አልገዛነውም፤ ተጠቀሙበት ብለው ፈቀዱልን እንጂ።»

«ሲፈቅዱልህ ምን አሉህ?»

«ተማሪዎችህን አስተምርበት አሉኝ።»

«ልጅትዋስ ተማሪ አይደለችም እንዴ?»

«የሌላ ቤት ተማሪ ናት።»

ኦቦ ቱፋ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና ወደ መምሬ ዞሩ።

«መምሬ፣ ይሄ ነገር የውሰት በሬ ነው። ሰውዬው በሬውን ለእርሻ ካዋሰህ ለእርሻ ነው። ሳትጠይቀው ውቂያ አታስገባውም። ታፈሰ እውነት አለው።»

ሊለምኑ የመጡት ሽማግሌ ለተለማኙ ፈረዱ። መምሬ ደነገጡ፤ ውጪ ቆማ የምትሰማው ሰላም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኦቦ ቱፋ ግን አልጨረሱም።

«ታዲያ ታፈሰ፣ በሬ ያዋሰህ ሰውዬ ጆሮ የለውም? ጠይቀዋ!»

ጋሽ ታፈሰ በዚህ ተያዙ። ውሉን ከዳር እስከ ዳር ሲያነቡ ባለቤቱን መለመን ይቻላል የሚል ሐሳብ አልመጣላቸውም ነበር። «እጠይቃለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ። ኦቦ ቱፋ የተቀመጡባት ባለጎማ ወንበር ተንሸራታ ከግድግዳው ጋር አላተመቻቸው። «ዋቃዮ! ይቺ ደግሞ ያለ ፈቃድ ትሄዳለች» አሉ።

ኢሜይሉን በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ታፈሰ ያስጽፉኛል። «አንድም ነገር እንዳትደብቂ» አሉኝ። የልጃቸውን ጉዳይ ጻፍኩ፤ ሽማግሌዎች በባዶ እግራቸው ቆመው መለመናቸውን ጻፍኩ። ኦቦ ቱፋ «ስሜ ይግባ» ስላሉ ስማቸው ገባ። «ላቡ የት እንዳለም ንገሪያቸው፤ ሰው የሚለምነውን ሰው አድራሻ ማወቅ አለበት» ሲሉኝ፣ ላባችን በቅርቡ ከከተማው መሃል ካለው አሮጌ ግቢ ወደ አዲሱ ግቢ መዛወሩንም ጨመርኩበት። ልከነው ከመቀመጣችን መልስ መጣ፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል፣ ማሽን የላከው። ተርጉሜ ስነግራቸው ኦቦ ቱፋ በኩራት ዙሪያቸውን አዩ። «አላልኳችሁም? ጨዋ ሰዎች ናቸው!»

ትክክለኛው መልስ ከቀናት በኋላ መጣ። በጣም ጨዋ ነበር። በልጃቸው ጉዳይ አዝነዋል፤ ግን ውሉ የሌላ ተቋም ተማሪ አይፈቅድም። ለሽማግሌዎቹም ሰላምታ አቅርበዋል። በተጨማሪም ፈቃዱ የተሰጠው ለአሮጌው ግቢ ስለሆነ፣ በአዲሱ ግቢ መጠቀሙን የዝውውር ማመልከቻ ቀርቦ እስኪጸድቅ ድረስ እንድናቆም በትሕትና ጠይቀዋል።

ለአንድ ልጅ ልንለምን ሄደን የሁሉንም አስቀማን። ጋሽ ታፈሰ «በዚህ ግቢ ውስጥ ብቻ» ብለው በሁለት ቋንቋ የጻፉትን ማስታወቂያ ራሳቸው ነቅለው አዲሱ በር ላይ እንደለጠፉት ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። «ይሄ ግቢ የትኛው ግቢ እንደሆነ አልጠየቅኩም» እያሉ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ዲኑ ሊያብዱ ደረሱ። «ማን ጠይቁ አላችሁ? ማን ያየናል? ማን ይመጣል ከባሕር ማዶ አሰላ?» እያሉ በኮሪደሩ ጮኹ። ጋሽ ታፈሰ ግን «እኔ አያለሁ» ብለው ጋሪ ተከራዩ። ኮምፒውተሮቹ በላስቲክ ተሸፍነው፣ በፈረስ ጋሪ ተጭነው፣ ተሰባባሪ ወንበር ወደሚከማችበት ወደ አሮጌው ላብ ቁልቁል ሲወርዱ ከተማው ሁሉ ቆሞ አየ። ጋሽ ታፈሰ ጋቢያቸውን አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጣል አድርገው ከጋሪው ኋላ በእግራቸው ይከተላሉ። ከኋላ ሆኖ ላየ አስከሬን የሚሸኙ ይመስሉ ነበር።

ሰላም ያን ቀን አሮጌው ላብ ድረስ ተከትላቸው መጣች። በሰው ፊት ነው የተናገረችው።

«ኮምፒውተር በጋሪ ጭነህ ለማያዩህ ሰዎች ትታመናለህ። እኔ የማይህ ልጅህ ነኝ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሲቀር ምንም አይሰማህም?»

ጋሽ ታፈሰ ዓይናቸው ሲሞላ አየሁ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። «ይሰማኛል» ብቻ አሉ። ይሰማኛል ማለታቸው ከእምቢታቸው የበለጠ አናደደኝ፤ የሚሰማው ሰው እንዴት እምቢ ይላል?

በማግስቱ ቢሮ መጥተው እንግዳ ነገር ጠየቁኝ። «ሳይሰበር በነጻ የሚሰጥ የሒሳብ ሶፍትዌር አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» አለ አልኳቸው። በፍላሽ ሰጠኋቸው። እሳቸው እንደልማዳቸው መጀመሪያ ላይሰንሱን አተሙት። ለቀናት ፊታቸው ተኮሳትሮ ሰነበተ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር አንብበሽዋል?»

«አላነበብኩትም፣ ጋሽ ታፈሰ።»

«ማንም ሰው፣ ለፈለገው ጉዳይ፣ በፈለገው ቦታ ይጠቀምበት ይላል። ይቅዳው፣ ያውሰው ይላል። የጻፈው ሰውዬ ምን ነካው?»

«ለጋስ ሆኖ ነዋ።»

«ምንም የማይከለክል ሰው ያስፈራኛል» አሉና የተደበቀ አንቀጽ ፍለጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። በመጨረሻ አገኙ። «አላልኩሽም? አለው! ለሌላ ስትሰጡ እኔ በሰጠኋችሁ ነጻነት ስጡ ይላል።» ፊታቸው ግን በርቶ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብስበው በሥራ ሰዓት ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ እንዲያ ሲያደርጉ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። አባትና ልጅ ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስሌቱን በነጻው ሶፍትዌር ከዜሮ ጻፉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ከሒሳብ ውጪ አንድ ቃል አታናግራቸውም ነበር። በኋላ አንድ መስመር አልሠራ ብሏቸው ሲጨቃጨቁ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ስህተቱን አይተው ጮኹ፤ ወይዘሮ አልማዝም እርቅ መሆኑን ያወቅኩት በዚያ ጩኸት ነው ይላሉ። ሰላም በጊዜው አቀረበች። ላይሰንሱን አስመልክቶ ፈታኞቹ አንድም ጥያቄ አልጠየቋትም። እንዲያውም አንደኛው ሲወጡ «ያ ሶፍትዌር በፍላሽ ይገኝ ይሆን?» አሏት፤ እሷም ሰጠቻቸው። ሥራውንም አገኘች። የኩባንያው የዝውውር ፈቃድ የመጣው ተማሪዎቻችን ከተመረቁ በኋላ ነው፤ ኮምፒውተሮቹም በዚያው ጋሪ ተመለሱ።

ሁሩታ ስንደርስ ቀብሩ አልቋል። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ አቀረቡልን። ሰላም አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የት እንደዋልን ስነግራት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ከዚያ የአባቷን የመጨረሻ ቀናት አጫወተችኝ።

ሕመሙ ሲጠናባቸው «ላፕቶፔን አምጡልኝ» አሉ። ቤተሰቡ ኑዛዜያቸውን ሊጽፉ ነው ብሎ ተደናገጠ። መምሬ ኃይሌ ተጠሩ፤ ኦቦ ቱፋ ለእማኝነት መጡ። ሁሉም አልጋውን ከበው ቆሙ። ጋሽ ታፈሰ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ጣታቸውን አረሱና በስማቸው የተፈቀደላቸውን ያንን የኩባንያውን ሶፍትዌር ከላፕቶፑ ማጥፋት ጀመሩ።

«ታፈሰ፣ አሁን ይሄ ምን ይሠራል?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«የውሰት በሬ ነው ብለህ የለ? ለወራሽ አይተላለፍም ይላል። ሳልመልስ ብሄድ ዕዳው በልጄ ላይ ይቀራል።»

ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። አነበቡት፤ ተጫኑት። መምሬ ይህንን ምን ብለው እንደሚባርኩት ጨነቃቸው። ጋሽ ታፈሰ ጥቂት ዐረፍ ብለው ሌላውን፣ ነጻውን ከፈቱ። ሳሎን ውስጥ አብረው የጻፉት የዋጉ ስሌት እዚያ ላይ ነበር። ላፕቶፑን ወደ ሰላም አዞሩላት።

«ይሄኛው ግን ይወረሳል» አሏት። «አንብቤዋለሁ።»